ዛሬ ማለዳ ገብቷል፣ ከፍራንክፈርት

ካሰል፣ ጀርመን
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለኬኔ ጃራ

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ፣ ከወንድሜ ከጃራና በነቀምቴ ካለው ቤተሰብ ሁሉ ጋር ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የምሠራበት የሽማግሌዎቹ መጦሪያ ወጥ ቤት ያለበትን ደረጃ እስኪያወጣኝ ድረስ ስላልከዳኝ አላማውም።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ያቺ አክስቴ፣ አዳዳ፣ መስኮት የምታህል ስልክ ይዛ በኢሜይል ደብዳቤ ትጽፋለች ትያለሽ። ምን ላድርግ፣ አርጆ ላይ የወጣትነት ዕድሜዬን ሁሉ አማርኛ ሳስተምር ቦታና ቀን፣ ሰላምታ፣ ጉዳይ፣ ስንብት እያልኩ ያን ሁሉ ልጅ አስጨንቄ፣ አሁን እኔው ደንቡን ላፍርሰው? ደግሞም ስልኩ እምቢ ብሎኛል። አባትሽ ጋ በደወልኩ ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራረጣል ይለኛል። የእሱ ድምፅ ግን ለእኔ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኢቢሳ እንዴት ነው? ከግንቦት ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም፣ እኔም አልደወልኩለትም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ሁሉ ጨርሼ፣ ቪዛው ተመትቶ፣ የሚተኛበትን አልጋ አስገብቼ ስጠብቀው ‹እማ፣ ነቀምቴ ሥራ አለኝ፣ አልመጣም› አለኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ቃል የትኛዋም እናት ለልጇ አትናገረው። ‹እንግዲያው እናት አለችኝ አትበል› አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ዝም ነው።

ጠየቀች ብለሽ እንዳትነግሪው። ኩርፊያውን ከእኔ ስለወረሰው አልፈርድበትም። ግን እናንተ ቤት አብራችሁ አድጋችሁ፣ አሁንም አንድ ቢሮ ስለምትውሉ፣ ይብላ አይብላ፣ ከስቶ እንደሆነ ይህችን ብቻ ጻፊልኝ። ሥራችሁ ምን እንደሆነም አስረጂኝ። እኔን ትቶ የመረጠውን ነገር እንኳ በስሙ ልወቀው።

ዋቅኒ ስ ሃ ኤብሱ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ።

አዳዳሽ ቀለሟ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

አዳዳ፣

ኢቢሳ ሞቷል። ነሐሴ ውስጥ ከቢላ ከተማ ሲመለስ በዝናብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ቀብረነዋል። መዘምራኑ ዘምረውለታል፣ ቄሱ ሰብከውለታል። አባቴ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ‹ለቀለሟ ምን እላታለሁ› ሲል ሰምቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንደማልልከው እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተቀምጠው ወስነዋል። ኦቦ መርጋ ‹መርዶ በስልክ አይላክም፤ ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል› አሉ፣ የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ እዚያ ጀርመን ውስጥ እርስዎን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ፣ እንደ ወጉ ማለዳ ቤትዎ ገብቶ፣ ግራና ቀኝዎ ሰው ተቀምጦ እስኪነገርዎ ድረስ ማናችንም ትንፍሽ እንዳንል ተባልን። አንድ ሴት ተገኝተዋል፣ ወይዘሮ ሰናይት የሚባሉ፣ ድሮ እዚህ ነቀምቴ አስተማሪ የነበሩ። እሳቸው ግን ታመው ሆስፒታል ናቸው። ሲሻላቸው ይባላል። እስከዚያ ድረስ ድምፄ ያጋልጠኛል ተብዬ ስልክ ተከልክያለሁ። አባቴም ኔትወርክ የሚለው ለዚሁ ነው።

በኦቦ መርጋ አልፈርድም፣ ለእርስዎ አስበው ነው። ግን ይብላ አይብላ ጻፊልኝ ላለች እናት ምን ተብሎ ይጻፋል?

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ቀለሟ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። ጉልበትዎን ጌታ ያጽናልዎት። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ዝናቡ አቁሟል፣ ከተማው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ስህተት እንዳያገኙብኝ ብዬ አንዴ እየጻፍኩ አንዴ እየሰረዝኩ ቆየሁ።

ስለ ኢቢሳ ጠይቀውኛል። በእርስዎ ላይ ክፉ ነገር በልቡ ይዞ አያውቅም፣ ይህን እኔ አውቃለሁ። ሥራው እሱ እንዳስያዘው እየሄደ ነው።

የሥራችን ነገር እንዲህ ነው። ‹ቀዬ› የሚባል ድረ ገጽ እንሠራለን። ከወለጋ ወጥተው በየአገሩ ያሉ ሰዎች የየራሳቸውን ገጽ ከፍተው፣ ፎቷቸውን አድርገው፣ መዝሙርና ስብከት የሚሰሙበት፣ የሚጠያየቁበት ነው። አንዱን ነገር ባሻሻልን ቁጥር ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ በየማለዳው አንድ ሰው ገብቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ መልእክት ከፍቶ፣ መዝሙር አጫውቶ ሁሉም እንደሚሠራ ማየት አለበት። ያ ሰው ግን ሰው አይደለም። ኢቢሳ መመሪያውን አንዴ ይጽፍለታል። ከዚያ ሩቅ አገር ያለ የኪራይ ኮምፒውተር፣ ክላውድ ነው የሚሉት፣ ብራውዘሩን ራሱ ከፍቶ ልክ እንደ ሰው እየነካካ ይፈትሻል። ሲጨርስ ‹ተሳክቷል› ወይም ‹አልተሳካም› ብሎ ይልክልናል። እዚህ መብራት ቢጠፋ፣ እኛ ብንታመም፣ እሱ ሥራውን አይተውም።

እርስዎም የራስዎን ገጽ ቢከፍቱ ደስ ይለኛል። ከአርጆ ተማሪዎችዎ ብዙዎቹ አሉበት፤ ያነጋግሩዎታል።

ጌታ በሰላም ያውልዎት።

የወንድምዎ ልጅ ኬኔ

ካሰል
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ተንኮለኛ፣

ሰላምታውን ጽፋዋለች ብለሽ ያዢልኝ፣ ዛሬ ለደንቡ ትዕግሥት የለኝም።

ገጹን ከፈትኩ። ዮሚፍ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው ያስከፈተኝ። አርጆ ያስተማርኳቸው ራሰ በራ ሆነው ‹ቲቸር› እያሉ ሲጽፉልኝ ስስቅ ዋልኩ። አንዱ አሁንም ‹ሀ›ን ከ‹ኀ› አይለይም። ከዚያ ሁሉም ሲሄድ፣ ዮሚፍም ሲወጣ፣ የኢቢሳን ስም ጻፍኩ።

ወጣልኝ። ያን ግራጫ ሹራቡን ለብሷል። ከሥሩ ምን ይላል መሰለሽ? ‹ዛሬ ማለዳ ገብቷል፣ ከፍራንክፈርት› ይላል። ስህተት ነው ብዬ በማግስቱ አየሁ። ደግሞ ‹ዛሬ ማለዳ ገብቷል፣ ከፍራንክፈርት›። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው።

ፍራንክፈርት ማለት ከእኔ ቤት በባቡር ተሳፍረሽ አንድ መጽሔት ሳትጨርሺ የምትደርሺበት ነው። ልጄ መጥቷል፣ ኬኔ። በእኔ ወረቀት፣ በእኔ አልጋ አልመጣም፣ በራሱ መንገድ አኩርፎ መጥቷል። አሁን ገባኝ አባትሽ ለምን ኔትወርክ ኔትወርክ እንደሚል። አንቺም ‹ሥራው እሱ እንዳስያዘው› ብለሽ ያድበሰበስሽው ለዚህ ኖሯል። ምሥጢሬን ጠብቁ ብሏችኋል፣ ጠበቃችሁ፣ አልቀየምም። ዘመድ ማለት ይኸው ነው።

መልእክት ጻፍኩለት። አንድ መስመር ብቻ። ‹ልጄ፣ ያልኩህን አላልኩህም› አልኩት። በማግስቱ ከሥሩ ‹ተነቧል› የሚል ወጣ። አልመለሰልኝም፣ ግን አንብቦታል። ከግንቦት ወዲህ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት ያን ቀን ነው።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። የጫማ ቁጥሩ ስንት ነው? የዚህ አገር ብርድ በእግር ነው የሚገባው፣ እሱ ደግሞ ያን ስስ ሸራ ጫማውን አድርጎ እንደመጣ አልጠራጠርም። እኔ ስለየው ሠላሳ አምስት ነበር። እናት የልጇን የእግር ቁጥር ሰው ትጠይቃለች፣ ይኸው። ቶሎ መልሺልኝ።

አዳዳሽ

ነቀምቴ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

አዳዳ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ቢሮ ሄድኩና ኢቢሳ የጻፈውን የፍተሻ መመሪያ ከፈትኩት። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም ከፍቶት አያውቅም። በየማለዳው ‹ተሳክቷል› እያለ ስለሚመጣ የሚነካው አልነበረም።

ደንቡ ለፍተሻ የውሸት ሰው መፍጠር ነው። ሁላችንም ግን ስንቸኩል የራሳችንን ስም እናስገባና ኋላ አስተካክለዋለሁ እንላለን። ኢቢሳም የራሱን አስገብቶ ኖሯል። በየማለዳው ፍራንክፈርት ያለው ኮምፒውተር በእሱ ስም ይገባል። የመጣለትን መልእክት ሁሉ ይከፍታል፣ ያን ጊዜ ገጹ ‹ተነቧል› ይላል። አንድ መዝሙር ያጫውትና ይወጣል። የእርስዎን መስመር የከፈተው ኮምፒውተሩ ነው።

የሚያከራየን ኩባንያ የእያንዳንዱን ፍተሻ ቪዲዮ ያስቀምጥልናል። አየሁት። ስሙ ፊደል በፊደል ይጻፋል፣ ቀስ እያለ። ኢቢሳ ነው ቀስ እንዲል ያደረገው፣ ‹የነቀምቴን ኢንተርኔት አስመስዬ ነው› እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያ የእርስዎ መልእክት ተከፈተ። ‹ልጄ፣ ያልኩህን አላልኩህም።› እዚያ የሚያነብ ማንም የለም። እኔ አነበብኩትና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አለቃችን ጫንያለው መጥቶ ምን ሆንሽ ሲለኝ ምንም አልኩት። የስክሪኑን ስም አይቶ እሱም ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ስሙን አውጥቼ የውሸት ሰው ላስገባ ነበር። የደቂቃ ሥራ ነው። አልቻልኩም። ብቀይረው ነገ ማለዳ ኢቢሳ አይገባም። ይህ የከበደኝ ለእርስዎ ብዬ ብቻ አይደለም።

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ቀለሟ

በያሉበት ሰላምና ጤና እመኛለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እዚህ ሁሉም ሰላም ይልዎታል። በቆሎ ገብቷል፣ አባቴንም ጉንፋኑ ለቆታል።

የጫማው ቁጥር አርባ ሁለት ነው።

ስለ ፍራንክፈርት እኔ ማንም የነገረኝ ነገር የለም። አዳዳ፣ ገጹ ላይ የሚወጣውን ሁሉ እንዳለ አይያዙት፤ ኮምፒውተርም ይሳሳታል። በዚህ ብርድ ጉልበትዎን ይዘው ሩቅ መንገድ አይሂዱ፣ እለምንዎታለሁ። ወይዘሮ ሰናይት የሚባሉ ጥሩ ሴት ደህና ሲሆኑ ሊጠይቁዎት ይመጡ ይሆናል። ቢመጡ በእጅጉ ደስ ይለኛል።

ጌታ ጥላ ይሁንዎት።

ኬኔ

ካሰል
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኬኔ፣ ለኢንታላ ኮ፣ ለልጄ

አካም ጅርቱ ብያለሁ፣ ለሁላችሁም። አባትሽን ጉንፋኑ ለቀቀው ማለትሽ ደስ ብሎኛል፣ ስለ ፍራንክፈርቱ እውነቱን ባትነግሪኝም።

ጫማውን ገዛሁ። ቡናማ ነው፣ ውስጡ ሱፍ አለው። ሻጩ ‹ለባለቤትዎ ነው?› ሲለኝ ለልጄ ነው አልኩት። ለልጄ የሚለውን ቃል ለሰው ካልኩት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ኖሯል፣ ከሱቁ ስወጣ ነው የታወቀኝ።

በየቀኑ እጽፍለታለሁ። ይቅርታውን አንዴ ስላልኩ አልደጋግመውም፣ ይሰለቸዋል። ዝም ብዬ ወሬ ነው የምጽፍለት። ትናንት የጻፍኩለት ስለ አርጆ ነው። ትምህርት ሳይጀምር የምተውለት ሰው ስለሌለኝ ክፍል ይዤው እገባ ነበር። የኋላ ዴስክ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስም ስጠራ የቀረ ልጅ ካለ እሱ ከኋላ ሆኖ ‹አቤት› ይላል። ለቀሩት ሁሉ አቤት ይላል። ስቆጣው ‹እማ፣ ስሙ ሲጠራ ዝም ሲባል ያሳዝነኛል› አለኝ። ይህን ጻፍኩለት፣ ዛሬ ተነቧል።

ሁሉም ይነበባል። ማለዳ ማለዳ፣ አንድም ቀን ሳይቀር። የሚጠላ ሰው እንዲህ ያነባል? ስለዚህ ወስኛለሁ። ከፈረንጆቹ ገና በኋላ ባለው ቅዳሜ እሄዳለሁ። ፍራንክፈርት የእኛ ሰዎች የሚያመልኩበት ቤት አለ፣ ከዚያ እጀምራለሁ። ዮሚፍ አብሮኝ ይመጣል። ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ነገ እጽፍለታለሁ፤ ሰው ቤት ሳይነግሩ መሄድ ነውር ነው፣ የልጅ ቤትም ቢሆን። በሩን ካልከፈተልኝም ጫማውን ደጁ ላይ ትቼ እመለሳለሁ። ጸልዩልኝ።

አዳዳሽ ቀለሟ

ነቀምቴ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

አዳዳ፣

ከተማውን ቀየርኩት።

አባቴን ለመንኩት፣ ኦቦ መርጋ ዘንድ ሄድኩ። ወይዘሮ ሰናይት ገና ከአልጋ አልተነሱም፣ ትንሽ ታገሺ አሉኝ። እርስዎ ግን ቅዳሜ ይሄዳሉ። በዚያ ብርድ፣ በማያውቁት ከተማ፣ ጫማ ታቅፈው፣ የሌለ ልጅ በየሰዉ ደጅ ሲጠይቁ ታየኝ። ኩባንያው ኮምፒውተሮች ያሉባቸውን ከተሞች ይዘረዝርልናል፤ የፈለግነውን መምረጥ እንችላለን። ፍራንክፈርትን ትቼ ሙምባይን መረጥኩ። ህንድ ሲል ገጹ ተሳስቷል ብለው ጉዞውን ይተዉታል ብዬ ነው።

ሌላ የማደርገው ነገር አልታየኝም።

ካሰል
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኬኔ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ተነበበ። ዛሬ ማለዳ ለብሼ፣ ጫማውን በከረጢት ይዤ፣ ከዮሚፍ ጋር ባቡር ጣቢያ ወጣሁ። ባቡሩ እስኪመጣ ገጹን ልየው ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ‹ዛሬ ማለዳ ገብቷል፣ ከሙምባይ› ይላል። ዮሚፍን የት ነው አልኩት። ህንድ ነው አለኝ።

እመጣለሁ አልኩት፣ አነበበው፣ አገር ጥሎ ሄደ።

ዮሚፍ ገጹ ተበላሽቶ ይሆናል፣ እንሂድ እያለ እጄን ያዘኝ። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ፣ አልካድኩም። ግን ሰውን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚያሸሽ ቃል ነበር? ትቼው ስመጣ ልጅ ነበር፣ ከዚያ ጀምሮ የሰው ወጥ እየሠራሁ የኖርኩት ለእሱ ነው። በሩን ባይከፍትልኝ እችለው ነበር። ደጁ ላይ እንኳ እንዳልቆም ነው የከለከለኝ።

ስታገኚው ይህን ንገሪው። ከእንግዲህ አልጽፍለትም፣ አልፈልገውም። እኔን ብሎ አገር ለአገር አይንከራተት፣ ባለበት ይረፍ። አንቺም አትመልሺልኝ።

ቀለሟ

ነቀምቴ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዳዳ፣

ከእርስዎ አልሸሸም። በሕያው እግዚአብሔር እምላለሁ፣ ከእርስዎ አልሸሸም። ህንድ አልሄደም፣ ፍራንክፈርትም አልነበረም። ከተማውን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

የቀረው በደብዳቤ አይጻፍም፣ በስልክም አይነገርም።

ኬኔ

ካሰል
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለኬኔ ጃራ

ለአንቺና ለቤቱ ሁሉ ሰላም እላለሁ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንዴ ነው ያነበብኩት፣ አንዴ ይበቃል። በደብዳቤ የማይጻፍ፣ በስልክ የማይነገር ነገር በአገራችን አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ የጥቅምቱን ደብዳቤሽን ፈልጌ አወጣሁ። ‹ያ ሰው ግን ሰው አይደለም› ብለሽ ጽፈሽልኛል። በግልጽ አማርኛ ጽፈሽልኛል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪዬ እንዲህ ቢያነብ ዜሮ እሰጠው ነበር። ለቀረው ልጅ ሁሉ አቤት ይል የነበረው ልጄ፣ አሁን ለእሱ ሌላ ነገር አቤት እያለለት ነው። ልክ ነኝ?

አትመልሺልኝ። እስካሁን ማንም አልነገረኝም። ስላልተነገረኝም አላለቀስኩም። ሥራ ገብቼ እወጣለሁ፣ ሾርባ እሠራለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ጨው አነሰው ይሉኛል፣ እጨምራለሁ። እንዲህ ሆኖ መኖር ግን ከመርዶው ይብሳል። ስለዚህ ራሴ ወይዘሮ ሰናይት ጋ ደወልኩ። ቁጥራቸውን ዮሚፍ አገኘልኝ። ከሆስፒታል ወጥተዋል። ‹ቅዳሜ ማለዳ ሰው ይዘው ይምጡ፣ እኔ ቤት ነኝ› አልኳቸው። እሺ ልጄ አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ወንበር ተውሻለሁ፣ ዮሚፍ ደርድሮልኛል። ቤቱን ጠርጌያለሁ። ለመሥሪያ ቤቴ ሳምንቱን እንደማልገባ ነገርኳቸው። ለምን ሲሉኝ የሚነገረኝ ነገር አለ አልኩ። ግራ ገባቸው። ፈረንጅ ይህን ከየት ያውቀዋል።

ዝም በሉ ያሏችሁ እሳቸው መሆናቸው አይጠፋኝምና ለኦቦ መርጋ ንገሪያቸው፣ ቀለሟ ብቻዋን አይደለችም፣ ብትወድቅ የሚያነሳት አለ በያቸው። ወጉ አልፈረሰም። አሁን ምንም ሳትደብቂ ጻፊውና ለወይዘሮ ሰናይት ላኪላቸው። ቅዳሜ እሳቸው ያነቡልኛል።

አዳዳሽ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ቀለሟ
በወይዘሮ ሰናይት አንደበት

የመጽናናት አምላክ አጠገብዎ ይቀመጥ። ይህን ስጽፍ አባቴ በግራዬ፣ ኦቦ መርጋ በቀኜ ናቸው። ደብዳቤዎን ሳነብላቸው ኦቦ መርጋ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ‹ይህችን ሴት ሳትሰማ ያቆየናት እኛ ነን፣ ይቅር ትበለን› በይልኝ ብለዋል።

አዳዳ፣ ልጅዎ ኢቢሳ አርፏል። በነሐሴ ነው። ቢላ የሄደው ልጆቻቸው ውጭ አገር ላሉባቸው አረጋውያን ገጽ ሊከፍትላቸው ነበር። ሲመለስ ዝናብ ነበረ፣ መኪናው ተንሸራቶ ተገለበጠ። አብሮት የነበረ ሰው ተርፏል፣ እስከ መጨረሻው እጁን ይዞት ነበር፤ ብዙ አልተሰቃየም ይላል። እዚሁ ነቀምቴ ከአያቴ ጎን ቀብረነዋል። ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ግራጫ ሹራቡ እኔ ጋ ነው፣ አላጠብኩትም።

ስለ ግንቦቱ ቃል። ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር። ‹እማ ተቆጥታለች፣ ሲበርድላት እደውላለሁ› አለኝ። ሰኔ ላይ ደውል ስለው ‹እሷ ትደውል› አለ፣ ሐምሌ ላይ አፈረ። ‹ምን ብዬ እጀምራለሁ› ብሎ ስልኩን አንስቶ መልሶ ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ። ጠልቶዎት አያውቅም። ጊዜ ያለው መስሎት ነው፣ እኛም መስሎናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወደ ገጹ ለመግባት የምሥጢር ቃል ይጻፋል። ቪዲዮው ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው፣ መመሪያው ላይ ግን በግልጽ አለ። ቀለሟ ነው የሚለው። ከግንቦት በኋላም አልቀየረውም። በየማለዳው በሩን የሚከፍተው በእርስዎ ስም ነው።

ያልቅሱ አዳዳ። እኛም እዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከእርስዎ ጋር እንቀመጣለን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል።

ኬኔ

ካሰል
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኬኔ

እግዚአብሔር እንባሽን ያብስልሽ።

አለቀስኩ። ወይዘሮ ሰናይት ‹አርፏል› የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ተቀብሎ ጨረሰው። ስሜ ላይ ሲደርስ መሬት ወረድኩ። ሴቶቹ አነሱኝ። ፎቁ ላይ ያለችው ጀርመናዊት ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምታ ወረደች፣ ነገሩን ሲነግሯት እሷም ከሰዎቹ ጋር ተቀመጠች። ቋንቋውን ሳታውቅ እስኪመሽ አልተነሳችም። ጫማውን ዮሚፍ አድርጎታል። እግሩን ባየሁ ቁጥር ያመኛል፣ ግን ሳጥን ውስጥ ከሚሻግት ሰው ይሂድበት።

አንድ ልመና አለኝ። ያን ኮምፒውተር ዛሬ አታጥፊው። አንድ ጊዜ ልጻፍለትና ይነበብ። ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ፣ አስተማሪ ነኝ፣ አላበድኩም። ግን እስካሁን የጻፍኩለት ሁሉ ላኮረፈ ልጅ ነው። ለዚህኛው ገና አልጻፍኩለትም።

ደግሞ ከተማውን መልሺልኝ። ለአንድ ማለዳ እንኳ ቅርቤ ይሁን። ከዚያ አጥፊው፣ ልጄ ይረፍ።

አዳዳሽ ቀለሟ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ቀለሟ

ሰላሙን ያብዛልዎት።

ከተማውን እንዳሉኝ መልሼዋለሁ። ዛሬ ማለዳ ቀድሜ ቢሮ ገብቼ ጠበቅሁት። ስሙን ጻፈ፣ ስምዎን ጻፈ፣ ገባ። መልእክትዎን ከፈተው። እኔ ዐይኔን መለስኩ፣ ቪዲዮውንም ሳላየው ሰርዤዋለሁ፤ የእናንተ ነው። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አጫውቶ ወጣ። ከዚያ ስሙን ከመመሪያው አወጣሁ።

ገጹን ግን አልዘጋሁትም። መልእክትዎ ሥር ‹ተነቧል› ይላል። ፎቶው ሥር ‹የካቲት 5 ማለዳ ገብቷል፣ ከፍራንክፈርት› ይላል። ከእንግዲህ አይቀየርም።

ልጅዎ ኬኔ